የታሸገው የሙቀት መውጫ

የቤቱ ባለቤት ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ ቤዝመንቱ፣ በሚወርደው ደረጃ ላይ ቆሟል። ሚስቱ ከኋላው የዳቦ ሰሃን ይዛለች። የማኅበራችን ሰብሳቢ በሩን ተደግፈዋል፤ ልጄ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ እኔ ከአልጋው ራስጌ ነበርን። አልጋው ላይ በዕድሜ የገፋችው ጓደኛዬ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣ ታስላለች። ስትናገር ትንፋሿ ይታይ ነበር።

ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ነው፣ በብርዱ በየቤቱ ቧንቧ የፈነዳበት ጥር። የማኅበሩ ተራ የባለቤቱ ስለነበር ላይ፣ ሳሎን ተሰብስበን ነበር። እዚያው ቤት ቤዝመንቱን ተከራይታ የምትኖረው ጓደኛዬ ከማኅበሩ ስትቀር ልንጠይቃት ወረድን።

ልጄ የሳይንስ መምህርት ናት። ግድግዳው ላይ ሙቀት የሚወጣበት ቀዳዳ በካርቶንና በቴፕ መታሸጉን አየች።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ። አምና ጥርን በሸሚዝ አይደል የዋልነው? ዓለም እየሞቀች ነው ያልሽን አንቺው ነሽ። ታዲያ የት አለ ሙቀቱ፣ ቲቸር?»

«ቪዛ ተከልክሎ ይሆናል» አሉ ሰብሳቢው። ሁለቱም ሳቁ።

ልጄ አልሳቀችም። «ሞቀ ማለት ብርድ ቀረ ማለት አይደለም። ብርዱን ሰሜን ዋልታ ላይ ይዞ የሚያቆይ ነፋስ አለ፣ እንደ መቀነት የሚዞር። ሰሜኑ ሲሞቅ መቀነቱ ቶሎ ቶሎ ይላላል የሚሉ አሉ፤ ገና ይከራከሩበታል። ከላላ ግን ብርዱ አምልጦ ወደ እኛ ይወርዳል። የሰሞኑ እሱ ነው።»

«ከላላ ማጥበቅ ነዋ!» አለ ባለቤቱ።

«ዳቦውን ቅመሱ እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለች ሚስቱ።

የጓደኛዬን እጅ ያዝኩ። ጥፍሯ ጠቁሯል። «ደህና ነኝ፣ ብርድ ልብስ ሰጥተውኛል» አለችኝ፤ ከንፈሯ ግን ቃሉን በደንብ አልያዘላትም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሳል፣ ሌሊቱን እንደማትዘልቀው ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ልጄ ቴፑን መላጥ ጀመረች።

«ተዪው!» አለ ባለቤቱ፣ ሳቁ ጠፍቶ። «እሱ ሲከፈት ላዩ ይቀዘቅዛል። እንግዳ አለብኝ።»

እንግዳው እኛ ነን። ቅድም ሳሎኑ ውስጥ ሞቆኝ ነጠላዬን አውርጄ ነበር። ሰብሳቢው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ጥቂት ቀደም ብሎ ስለ ድኻ የጸለዩት እሳቸው ናቸው።

ሚስቱ ሰሃኑን ወደ እኔ አስጠጋች።  ከላይ ይዤ የወረድኩትን ቁራሽ መልሼ ሰሃኑ ላይ አኖርኩት።

«እትዬ፣ የማኅበር ዳቦ ይመለሳል እንዴ?» አለችኝ።

 ልጄን መኪናውን እንድታሞቅ ላክኋት፤ እዚሁ ጎረቤት ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ቤታችን ለሦስት ይበቃል። ለጓደኛዬ ጫማዋን አጠለቅሁላት። ከዚያ በአንድ እጄ እሷን፣ በሌላው የመድኃኒት ከረጢቷን ይዤ፣ በመካከላቸው አልፌ ወጣሁ።