የዳለቻዋ ሦስት ሩጫ

ጥንቸል ስትነሳ ተከትሎ መሮጥ የውሻ ሥራ ነው፤ የሰው ሥራ ባለበት መቆም ነው። አባቴ ይህን ያስተማሩኝ በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ፊደል ከመቁጠሬ ሰባት ዓመት አስቀድሞ ነው። «የተነሳችበትን አትረሳም» ይሉኝ ነበር፤ «ዞራ ዞራ እዚያው ትመጣለች። አንቺ አትነቃነቂ። ውሾቹ ያመጡልሻል።» ወንድም አልነበረኝም። ማሽላ ጠባቂዋም የውሾቹ አለቃም እኔው ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት የዘገየሁትም በዚሁ ነው።

የምናድንባት ሽጉጥ አንድ ጎራሽ ናት። እጀታዋ የዋንዛ እንጨት ነው፤ ከአሥራ አምስት እርምጃ በላይ ያለውን ሁሉ ትስታለች። አንዴ ከተኮሰች፣ ቀለሁን በቀጭን እንጨት ገፍተው አውጥተው ሌላ ጥይት እስኪያጎርሷት ጥንቸሏ ሐራ ከተማ ገብታለች። ስለዚህ ሁለተኛ ጥይት የሚባል ነገር እንዳለ ረስቼ አደግሁ። ወልድያ ማታ ትምህርት አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መምህሩ «ሳትቸኩዪ፣ ፊደሉን እያየሽ» ሲሉኝ ሌሎቹ ይስቁ ነበር፤ እኔ ግን ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም።

ጦርነቱ ሲመጣ መርሳ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ጠባቂ ነበርኩ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ የአባቴ ዓይን ጠፍቷል። ከከተማው ወረድ ብሎ ባለው ቤታችን እኔና እሳቸው ከሁለት ውሾች ጋር እንኖር ነበር፤ ዳለቻዋና ልጇ ቡሬ። ዳለቻዋ አመድ የመሰለች ናት። የያዘችውን ጥንቸል ፀጉሩን ሳታጎድል ቆማበት ትጠብቀኝ ነበር። ቡሬ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ ይደርሳል።

ውጊያው አስፋልቱን ይዞ ሲጠጋን አባቴን በአህያ ጭኜ ተራራው ሥር ወዳለ ዘመድ ቤት ሸሸሁ። ቡሬን በገመድ ጎተትኩት። ዳለቻዋ ግን ከከባድ መሣሪያው ድምፅ በርግጋ ጠፍታ ነበር፤ ጠርቼ ጠርቼ ጥያት ሄድኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጦሩ ወደ ሰሜን ካለፈ በኋላ ስንመለስ፣ በራችን ላይ ተኝታ አገኘናት። ሽጉጧም ከኩበቱ ክምር ሥር፣ ከቀበርኳት ቦታ ነበረች። አባቴ የዳለቻዋን ጎን በእጃቸው ዳበሱ። ደግመው ዳበሱ። እጃቸው ያገኘውን ዓይኔ አስቀድሞ አይቶታል፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ከስቶ እሷ አልከሳችም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት መብራት የለም፤ ወፍጮ ቆሟል፤ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል። ማሽላው ታጭዶ ነዶው ሳይሰበሰብ በመቅረቱ ጥንቸሉ በዝቶ ነበር። አባቴን ያቆመልኝ የጥንቸል መረቅ ነው።

ከመንደሩ ጀርባ ባለው ፈፋ ውስጥ ሳይቀበሩ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ወንዶቹ ተሰባስበው ቀበሩ። ጎረቤታችን፣ ጋሼ የምላቸው ገበሬ፣ አካፋ ይዘው ሦስት ቀን እዚያ ዋሉ። ውሾች ቀድመዋቸው እንደነበር ሁሉም ሰው ሰማ። በጁምዓው ከሶላት በኋላ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ይገደል ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት አራት ውሻ በዱላ ተገደለ። እሑድ ጋሼ እኛ በር ላይ ቆሙ።

«ዳለቻዋን አውጪያት።»

«ምን አደረገች?»

«ምን አደረገች ትለኛለች! በአካፋ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ምን እንዳደረጉ እኔን ጠይቂኝ።»

«ዳለቻዋን አይተዋታል?»

«ዳለቻ ውሻ አይቻለሁ።»

«የኛን?»

«ውሻ መታወቂያ አንጠልጥሎ አይበላ!»

ድምፃቸው ከፍ ሲል የመንደሩ ሼህ ከመስጊዱ በኩል መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዝግ ብለው ነው የሚናገሩት። ከአባቴ ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያንን እንዳልነካች ትምያለሽ?»

«አልምልም፣ ሼህ። አሥራ አንድ ቀን አልነበርኩም።»

«ይኸው!» አሉ ጋሼ።

«ጋሼስ እሷ ናት ብለው ይምላሉ?»

ጋሼ ወደ ፈፋው አቅጣጫ አዩ። «ዳለቻ አየሁ ነው ያልኩት» አሉ ዝቅ ብለው። «ወላሂ ለማለት አመሻሽ ነበር።»

ቤት ገብቼ ስለ አደን የሚናገር ስስ መጽሐፍ አወጣሁና ገጹን ከፍቼ አነበብኩላቸው። የተማረ ውሻ ማለት ሲልኩት የሚሄድ፣ ሲጠሩት የሚመጣ፣ ሲይዝ ሳይበላ ባለቤቱን የሚጠብቅ ነው ይላል፤ ደጋግሞ ሲያደርገው ይታወቃል።

«አሁን ውሻዋንም ታስነብቢያት ይሆናል» አሉ ጋሼ።

ሼሁ ፈገግ አሉ። «ይህንንማ እኔም በልጅነቴ ኪታብ ስማር ቀርቼዋለሁ። ተከታትሎ ሦስት ጊዜ ሳይበላ ሲጠብቅ ነው።»

«እንግዲያው ሦስት ጊዜ ትሩጥ» አልኩ። «ጋሼ አብረውኝ ወጥተው ይመስክሩ። የሰው ሥጋ ለምዳ ከሆነ ትኩስ ሥጋ አፏ ውስጥ ገብቶ አትታገስም። ከሦስቱ በአንዱ ከበላች በዱላ አትመቷትም። እኔው በዚህችው ሽጉጥ እገድላታለሁ።»

አባቴ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። የቀሩኝ ጥይቶች አራት ነበሩ። አራተኛዋ ለምን እንደሆነች ማንም አልጠየቀኝም።

ያኔ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ይሸሽ ነበር። ስለዚህ ሼሁ ከማታው የመግሪብ ሶላት በኋላ ለሰጋጁ «ነገ በማሽላው በኩል ሦስት ተኩስ ትሰማላችሁ፤ የጥንቸል ነው፤ አብሽሩ፣ አይዟችሁ» ብለው አስነገሩ።

ሰኞ ማለዳ ወጣን። ቢላዋው በጋሼ እጅ ነው፤ በእኛ ዘንድ ሴት አታርድም። የመጀመሪያዋ ጥንቸል ከአንድ የማሽላ ነዶ ሥር ተነሳች። ውሾቹ ተፈተለኩ። ጋሼም አብረው ሊሮጡ ሲሉ እጀ ጠባባቸውን ያዝኩ።

«ልትሄድብን ነው እኮ!»

«ትመጣለች።»

«አንቺ ቀጥረሻት ነው?»

የቡሬ ጩኸት በፈፋው ጫፍ ዞሮ፣ ከቁልቋሉ ጀርባ አልፎ፣ እየጎላ ተመለሰ። ጥንቸሏ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ በተነሳችበት መስመር መጣች። ቢስሚላህ ብዬ ምላጩን ሳብኩ። ተገለበጠች። ዳለቻዋ ደርሳ እግሯን አሳርፋባት ቆመች፤ ምላሷን እንኳ አላወጣችም። ጋሼ ደርሰው አረዱ። ከመንደሩ በኩል አንዲት ሴት ጄሪካኗን ጥላ ስትሮጥ አየናት፤ የሼሁን ቃል አልሰማች ኖሯል።

«አንድ» አልኩ።

«አንድ» አሉ ጋሼ፣ ሳይወዱ።

ሁለተኛዋን ሳትኳት። ጥይቱ ከፊቷ አፈር አስነሳና ጥንቸሏ አቅጣጫ ቀይራ ፈፋው ውስጥ ገባች። ዳለቻዋም ተከትላት ገባች። ቡሬ ጫፉ ላይ ቆሞ ይጮሃል። ልወርድ ስል ጋሼ አለመንቀሳቀሳቸውን አየሁ።

«አንቺ ውረጂ» አሉ። «እኔ ከእንግዲህ እዚያ አልወርድም።»

እንደ ምስክር ካልወረዱ እኔ ብቻዬን ያየሁት እንደማይቆጠር ልነግራቸው ነበር። ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። ሁለታችንም ጫፉ ላይ ቆምን። ከታች የድንጋይ መንኳለል፣ አንድ ቀጭን ጩኸት፣ ከዚያ ዝምታ። ዝምታው ረዘመብኝ። በልቤ የምትነክሰውን እየቆጠርኩ ነበር። ከዚያ ግራጫ ጀርባዋ ከድንጋዮቹ መካከል ብቅ አለ። ጥንቸሏን በአንገቷ ይዛ፣ ዳገቱን እየተንፏቀቀች ወጣችና ለእሷ ቀረብ ስላሉ ይሁን አላውቅም፣ ጋሼ እግር ሥር አስቀመጠቻት። ጥንቸሏ ገና ትተነፍሳለች። ጋሼ ለማረድ ተንበርክከው ትንሽ ቆዩ። አርደውም ወዲያው አልተነሱም።

«ሁለት» አሉ በመጨረሻ። እኔ አላልኩም ነበር።

ሦስተኛዋን እስክናገኝ ፀሐዩ ከረረ። እሷም እንደ አባቴ ቃል ዞራ መጣች፤ ግን እጄ ዝሎ ነበርና ጥይቱ የኋላ እግሯን መታ። እያነከሰች ከቁልቋሉ አጥር ሥር ሾለከች። ዳለቻዋ ከኋላዋ። እኔ ሮጥኩ። ጋሼ ነዶ አደናቅፏቸው ወደ ኋላ ቀሩ፤ ቡሬም ገና ማሳው ውስጥ ነው።

አጥሩን ስዞር ጥንቸሏ ሞታለች። ዳለቻዋ ቆማባት ታላምጣለች። የጥንቸሏ ግራ ጆሮ ከሥሩ የለም። ስታየኝ ዋጠችና ራሷን ዝቅ አደረገች።

የጋሼን ትንፋሽ ከአጥሩ ወዲያ እሰማለሁ። ጥይት ነው ጆሮዋን የወሰደው ብል ማን ይከራከረኛል? ተኳሿ እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ መረቅ የሚጠብቁ አባት አሉኝ። ይህን ሁሉ ጋሼ አጥሩን እስኪዞሩ ድረስ አሰብኩት። ሙከራውን የጠየቅኩት ግን እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

«በላች» አልኳቸው። «ጆሮዋን።»

ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩ። ዳለቻዋን አዩ። «ጥይቱ ነው» አሉ።

«ጥይቱ የመታው እግሯን ነው። ስትውጠው አይቻታለሁ።»

«ጥይቱ ነው አልኩሽ እኮ! ጥይት ሄዶ ሄዶ የት እንደሚያርፍ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ቀለሁን በእንጨቱ ገፋሁ። ተጣብቆ ነበር፤ በድንጋይ መታሁት፤ ወጣ። አራተኛዋን ጥይት ሳጎርስ ጋሼ ሽጉጧን ከነእጄ ያዙ።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ያልኩትን።»

«ቆይ። አንቺ ተከሳሽ ነሽ፤ ፈራጅ ማን አደረገሽ? ከሳሹ እኔ ነኝ። ሼሁ ይስሙ።»

በዚህ ልከራከራቸው አልቻልኩም፤ ልክ ነበሩ። ዳለቻዋን በገመድ አስሬ፣ ሦስቱን ጥንቸል ጋሼ ተሸክመው፣ መስጊዱ ግቢ ደረስን። ሼሁ የዙሁርን ሶላት ለመስገድ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ያየሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ሼህ፣ ጆሮ ምን ሥጋ አለው!» አሉ ጋሼ ጣልቃ ገብተው።

«አንተ ትናንት አውጪያት ስትል አልነበር?»

«ትናንት አላየኋትማ። ዛሬ ከዚያ... እኔ ልወርድበት ካቃተኝ ቦታ፣ ጥንቸሏን ከነነፍሷ ይዛልኝ ወጣች።» ወደ ዳለቻዋ ዞሩ። «እኔ ክሴን ትቻለሁ።»

ሼሁ እግራቸውን አጥበው እስኪጨርሱ ጠበቅን። «ሦስተኛዋን ለራሷ ነው የያዘቻት» አሉ። «ለእሷው ስጧት፤ ለእናንተ ሀራም ናት። የዘነጋች ውሻ ትገደል የሚል ግን እኔ የቀራሁበት ቦታ የለም። ከአደን ውጪ በገመድ ትዋል። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀመራል፤ ተከታትሎ ሦስት ሳይሞላ የያዘችውን እንዳትበሉ።»

«የተናገርኩት ቃልስ?»

«ማዪ ስልሽ እንቢ ያልሽ ልጅ፣ አሁን ያልማልሽውን መሐላ ልታከብሪ ነው?» ብለው ሳቁና ገቡ።

ጋሼ ሁለተኛዋን ወሰዱ። የመጀመሪያዋ ለእኛ ሆነች። ለአባቴ ሁሉንም ስነግራቸው መረቁን አስቀምጠው አዳመጡኝ።

«ጆሮውን ስትውጥ ማን አየ?»

«እኔ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ጎመን ቀቅይ» አሉና መረቃቸውን አነሱ።

ዳለቻዋ በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ምን በልታ እንደቆየች ዛሬም አላውቅም። የማውቀው የሠራሁትን ነው። በየማለዳው፣ ሽጉጧን ቤት ትቼ፣ ረጅም ገመድ አንገቷ ላይ አስሬ አወጣኋት። ስትይዝ ስሟን እጠራለሁ፤ ስታላምጥ ገመዱን እስባለሁ፤ የያዘችውን ለቡሬ እሰጣለሁ። የውሻ ምራቅ የነካውን እጄን እንደ ሃይማኖታችን ደንብ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ታጥቤ ወደ አባቴ ጎመን እመለሳለሁ። ስድስት ጊዜ ከአንድ ጀመርን። አንዴ ሁለት ደርሳ የጥንቸሏን ጅራት በላች፤ እንደገና ከአንድ። በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ዱላቸውን ይዘው ቁጥቋጦ ሊመቱልኝ መጡ። ሥራ ፈትቼ ነው አሉ፤ ጤፋቸው ሳይወቃ ተከምሮ ነበር።

አንድ ማለዳ ዳለቻዋ ከአጥሩ ሥር ያዘች፣ ቆመች፣ ጠበቀች። ጋሼ ዱላቸውን ወደ ላይ ወረወሩ።

«ሦስት! አልሃምዱሊላህ፣ ሦስት!»

«ሁለት ነው» አልኳቸው። «ቅድም ስጠራት በመጀመሪያው አልመጣችም።»

«አልሰማችም እኮ! ነፋስ ነበር!»

«ነፋሱ ወደ እሷ ነበር የሚነፍሰው።»

ጋሼ ዱላቸውን አነሱ። «ከጥንቸሉም ከውሻውም አንቺ ታደክሚያለሽ» አሉና ቀድመውኝ ወደሚቀጥለው ነዶ ሄዱ። ገመዱን ጠቅልዬ ተከተልኳቸው።