የዙልሚራ ዓሦችና የፓሽን ልጣጭ

አበልጄ ዙልሚራ ግትር ናት። የልጄ ክርስትና እናት ባትሆን ኖሮ ስንቴ ጥያት እሄድ ነበር! ብራዚል ውስጥ ከማናውስ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ታምባኪ የሚባለውን ዓሣ ታረባለች። ያላት አንድ ኩሬ ብቻ ነው።

አምና ለስቅለት ገበያ ዓሦቹን በመረብ አውጥታ መኪና ላይ ባለ ገንዳ ጫነቻቸው። ገበያ ሳይደርሱ ግማሾቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ተንሳፈፉ። የመሬቱ እኩል ባለድርሻ የሆነው ወንድሟ ኦዚኤል «ለከርሞም እንዲህ ከሆነ ኩሬውን አፈር ሞልቼ ካሳቫ እተክልበታለሁ» ብሎ ማለ። ዙልሚራ እህል አልበላ ብሏት ከረመች።

እኔ የምሠራው ጭማቂ ቤት ነው፤ የፓሽን ፍሬ ልጣጭ በየቀኑ ክምር ክምር እንጥላለን። በኋላ አንዲት የዓሣ ባለሙያ መንደራችን መጥታ፣ ልጣጩ በዓሣ አንጀት ውስጥ ያሉትን ደግ ተህዋስያን እንደሚቀልብ፣ እነሱ ሲበረቱ ዓሣውም እንግልትና በሽታን እንደሚችል ነገረችን። ዙልሚራ ንግግሩ ሳያልቅ ብድግ አለች። በማግስቱ ሦስት ጆንያ እርጥብ ልጣጭ ኩሬው ውስጥ ዘረገፈች!

«ምነው አበልጄ፣ ቀስ በይ እንጂ!» አልኳት።

«ወንዙ ሲሞላ ጫካ ገብተው ከዛፍ የረገፈ ፍሬ አይደል እንዴ የሚበሉት? ማን ፈጭቶ ሰጣቸው?»

እዚህ ያደግን ሁሉ እንዲህ እናስባለን። ግን ወንዝ ይፈሳል፣ ኩሬ አይፈስም። በሦስተኛው ቀን ውሃው ገማ፤ ዓሦቹ አፋቸውን አውጥተው አየር ይለምኑ ጀመር። እስከ ደረታችን ገብተን ልጣጭ ስንለቅም፣ አዲስ ውሃ ስናስገባ ዋልን። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? ከዚያ ወዲያ ልጣጩን ቆርቆሮ ላይ አደረቅነው፣ ፈጨነው፣ ከመኖው ጋር በጥቂት በጥቂቱ እየቀላቀልን ሁለት ወር ቀለብናቸው።

የሕማማት ረቡዕ ደረሰ። መረቡ ሲሳብ ውሃው የፈላ ድስት መሰለ! ጫንናቸው፤ ኦዚኤል ነዳ። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ፣ ፀሐዩ እሳት። ገበያው ስንደርስ ዙልሚራ ከመኪናው አልወርድም አለች፤ ፊቷን በኮፍያዋ ሸፍናለች።

«አንተ እይልኝ። ስንቱ ሞተ?»

የገንዳውን ክዳን ከፈትኩ። አንዱ ታምባኪ ዘሎ ፊቴን በጭራው አጮለኝ።

«አንድም!» ብዬ ጮህኩ።

«ውሸታም! ማርያምን በል!»

«ማርያምን!»

እሪ እያለች ወረደች። እኔን አቀፈች፣ የማታውቀውን ሽንኩርት ሻጭ አቀፈች። ደስታው ለእኔም ተረፈ፤ እንባዬ መጣ። ኦዚኤል ግን እጁን እስከ ክርኑ ገንዳው ውስጥ ከቶ፣ ዓሦቹ ሲጋፉት ብዙ ቆየ።

«እህቴ» አለ በመጨረሻ፤ «ሁለተኛውን ኩሬ መቼ ነው የምንቆፍረው?»