መሪ ያለው ወይስ ባለ ሁለት ጆይስቲኩ

በእንጨት ሥራ ቤታችን «ሚሊሜትር» የምንለው ሰው አለ። እሱ ቆራጭ ነው፤ እኔ ቫርኒሽ ቀቢ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ሜትሩ ከኪሱ አይጠፋም፤ የሻይ ብርጭቆውን እንኳ ከጠረጴዛው ጠርዝ ልኩን አስተካክሎ ነው የሚያስቀምጠው። እሱ የቆረጠው እንጨት ከልክ ወጣ ቢባል የሚያምን የለም። ይህንንም ስለሚያውቅ ይኮራል። ይኮራ ነበር ልበል እንጂ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት «እንጨቱ ላይ ያሰመርኩት ምልክት አልታይ አለኝ» ብሎ የመጋዝ ማሽኑን መከላከያ ክዳን ፈታው። ለአምስት ደቂቃ ነው ያለው። ሴት ልጁ ቁርሱን ይዛለት መጥታ ነበር። ቁርጥራጭ ላንሳለት ብላ እጇን ስትሰድ የግራ እጇን አውራ ጣት መጋዙ ወሰደው። ያን ቀን የጮኸው እሱ ነው፤ እሷ እጇን ብቻ ታይ ነበር። አሁን ክዳኑ በስምንት ብሎን ታስሯል፤ እንኳን ሌላ ሰው እሱ ራሱ በቀላሉ አይፈታውም። ከዚያ ወዲህ ግን የልጁን እጅ አያይም። ሲያወራት ዓይኑ ግንባሯ ላይ ነው።

በቀደም ፈተናዋን በጥሩ ውጤት ስታልፍ «ምን ልግዛልሽ?» አላት።

«ጌም! ባለ ሁለት ጆይስቲኩን፣ ኳስ ያለበትን» አለችው ሳታስብ።

ሱቅ ስንሄድ ሻጩ ሁለት ካርቶን አወጣ። አንደኛው ልጅቷ ያለችው ነው፤ ሁለተኛው የመኪና እሽቅድምድም ሆኖ መሪና ፔዳል አለው። ዋጋቸው ያው ነው። ሚሊሜትር ጆይስቲኩን አነሳና የግራ አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ አጥፎ ያዘው። ላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ መግፊያ በሌላው ጣቱ ሊገፋ ቢሞክር አመለጠችው። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ አመለጠችው። ይሄኔ ሜትሩን አውጥቶ ከጣቱ እስከ መግፊያዋ ያለውን ይለካ ጀመር።

«ኧረ ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው የሚገዙት፤ ቁም ሣጥን አስመሰሉት!» አለ ሻጩ እየሳቀ።

እኔም ልስቅ ስል ፊቱን አየሁትና ሳቄን ዋጥኩት። ደም መስሏል።

«ይሄ ለሷ አይሆንም» አለኝ ቀስ ብሎ። «መሪው በአንድ እጅ ይዞራል፤ ፔዳሉ በእግር ነው።»

«ልጅቷ ያለችህ እኮ ያኛውን ነው።»

«ታዲያ እያቃታት ቁጭ ብዬ ልይ? የሠራሁትን ሥራ በየቀኑ እቤቴ ድረስ ላስመጣው?»

የባለ መሪውን ዋጋ ከፈለ፤ እኔም ካርቶኑን ተቀበልኩለት። መጀመሪያ እሷን ጠይቃት ልለው ይገባኝ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቤት ስንደርስ ልጅቷ እየዘለለች መጥታ ካርቶኑን ከፈተችው። ከዚያ መዝለሉ ቀረ።

«መሪ ነው» አለች።

«በአንድ እጅ ይሠራል። ለክቼዋለሁ» አላት አባቷ፣ ግንባሯን እያየ።

የቴሌቪዥኑን ሪሞት አነሳችና ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ከሥር በግራ መዳፏ ደግፋ የዚያኑ እጇን ሌባ ጣት ከላይ አደረገችው። «ጆይስቲክ እንዲህ ነው የምይዘው፣ አባዬ። ጎረቤት ያለችውን የአክስቴን ልጅ ትናንት ስድስት ለዜሮ ነው ያሸነፍኳት። አንተ አይተኸኝ አታውቅም እንጂ።»

«እጅሽን አስቤ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«አውቃለሁ። ለእጄ ነው የገዛህለት። እኔ ሁለት ጆይስቲክ ያልኩት ካንተ ጋር ልጫወት ብዬ ነበር።»

ሚሊሜትር አንገቱን ደፋ። ሲደፋ ዓይኑ ሪሞቱን የያዘው እጅ ላይ አረፈ። ጠባሳው ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ የቀሩት አራት ጣቶች ረዝመዋል፣ ጠንክረዋልም። ሱቅ ውስጥ ያን ሁሉ ሲለካ የዋለው በራሱ ወፍራም ጣት ነበር። የልጁን እጅ ልክ አያውቀውም። ይህ ሲገባው አየሁት፤ እንባው መጣ፣ ሊደብቀውም አልሞከረም።

መሪውን እኔ ወደ ካርቶኑ መለስኩት። ሱቁ ሳይዘጋ በባለ ጆይስቲኩ ልንለውጠው ሦስታችንም ወጣን። ካርቶኑን ያሸከመኝ እኔን ነው። እሱ በግራዋ በኩል ሆኖ ትንሽ ከተራመደ በኋላ ሪሞቱን ከኮቱ ኪስ አወጣ፤ መቼ እንደያዘው አላየሁም።

«እስቲ እንደገና አሳዪኝ» አላት። «ቀስ ብለሽ።»