ሠላሳ አንደኛው ጉቶ

ሽማግሌው ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ወጥተው ሲጠፉ ትልቁ ልጃቸው በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ኮሚቴ ማቋቋም ነበር። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ከውሃው በፊት ሰብሳቢና ጸሐፊ የሚያስመርጥ ሰው ነው። ስድስት ወር ሙሉ ደጃቸውን ሳይረግጥ፣ ስልክ እንኳ ሳይደውል ከርሞ፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ «አባቴን! አባቴን!» እያለ መሃረብ ያረጥባል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ታናሽ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። አባቷን የምትጦረው እሷ ስትሆን፣ የስፌት መኪናዋንም በሩ ሥር ያስቀመጠችው ሲወጡ ለማየት ብላ ነው። ያን ቀን ጠዋት ክር ለማምጣት ጓዳ ገብታ ስትመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ራሷን ስትረግም ዋለች።

አባትየው አርባ ዓመት የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። ከከተማው ተነስቶ ሰው የማይኖርበትን በረሃ የሚያቋርጠውን መስመር በእግራቸው እየሄዱ፣ እያንዳንዱን የስልክ እንጨት በመዶሻ እየመቱ ያዳምጡ ነበር። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ በስብሷል። ትልቁን ልጃቸውን ግን አንድ ቀን እንኳ አናቱን መትተው አላዳመጡትም፤ ስህተታቸው ይህ ብቻ ነው።

እንጨቶቹ ተቆርጠው ጉቷቸው ብቻ ከቀረ ሃያ ዓመት አልፏል። የመርሳት በሽታው ሲጠናባቸው ሽማግሌው ሚስታቸው መሞቷን ረሱ፣ የልጃቸውን ስም ረሱ፣ መዶሻውን ግን አልረሱም። የወንበሩን እግር ሳይቀር እየመቱ ያዳምጡ ነበር። ትልቁ ልጅ ከስድስት ወር በፊት ሲመጣ ይህን አይቶ «እንግዳ ፊት ያዋርዱናል» አለና መዶሻውን ሳጥን ውስጥ ከተተው። ክብሩ በመዶሻ የሚሰበር ሸክላ ኖሯል!

ልብስ ሰፊዋ ሳጥኑን ስትከፍት ባዶ ሆኖ አገኘችው። ሮጣ ወደ ኮሚቴው ሄደች።

«ጋሼ፣ መዶሻው የለም። አባባ ሥራ ገብተዋል ማለት ነው። በረሃውን እንፈልግ።»

«የምን ሥራ? መስመሩ ከተነሳ ስንት ዘመኑ!»

«እሳቸው መች ሰሙ?»

«ስሜታዊ አንሁን። አእምሮውን የሳተ ሰው እግሩ ወዳደረሰው ነው የሚሄደው» አለና አውቶቡስ ተራውንና የወንዙን ዳር ካርታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከበበ። ቢለምኑት ጆሮ ዳባ ልበስ። ሁሉም አስፋልት ለአስፋልት ሲንከራተት መሸ።

ሽማግሌው ያለ ውሃ ሁለተኛ ሌሊት እንደማይደግሙ ታውቃለች። እሑድ ጎህ ሲቀድ ውሃ ይዛ ብቻዋን ወጣች። የስልክ መስመር መንገድ አይከተልም፤ ገደሉንም እሾሁንም ቀጥ ብሎ ነው የሚያልፈው። የመጀመሪያው ጉቶ ላይ ትኩስ የመዶሻ ምት አየች። ሁለተኛውም ላይ አለ። እየቆጠረች፣ እሾህ ቀሚሷን እየቀደደው፣ አንድ ደረቅ ወንዝ ተሻገረች። አሥራ ዘጠነኛው ጉቶ አጠገብ አንድ እግር ጫማ አገኘች፤ ጫማውን አቅፋ አለቀሰች፣ ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።

ሠላሳ አንደኛው ጉቶ ኮረብታ አናት ላይ ነው። ሽማግሌው ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ጉቶውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ማነሽ?»

ልጅዎ ነኝ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

«የስልክ ቤት ሠራተኛ ነኝ አባባ።»

«ጎሽ። ትልቁ ልጄ ከደወለ ቆየ። ሽቦው ተበጥሶ ይሆናል እንጂ እሱ እንዲህ አይጠፋም ነበር ብዬ መጣሁ። እስካሁን ምንም አላገኘሁም።»

ውሃውን ቀስ እያለች አጠጣቻቸው። ከዚያ ወንድሟ ጋር ደወለች። ሁለቴ ጠራና ተዘጋ። ወዲያው አጭር መልእክት ገባ፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«ምን አለ?» አሉ ሽማግሌው በጉጉት።

«መስመሩ ደህና ነው አባባ። ብልሽቱ በወዲያኛው ጫፍ ነው።»

ሽማግሌው መዶሻቸውን ከመሬት አንስተው እጃቸውን ዘረጉላት።

«በይ አንሺኝ፤ ሄደን እንምታውና እንስማው።»