ከማስክ ሥር ያለ ፊት

በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ከአቡ ዳቢ ወደ አል አይን የተላክሁት ለአጭር ሥራ ነበር። አቡ ዳቢ አል ዋሕዳ ሰፈር ካለችው ክፍሌ አንዲት ሻንጣ ይዤ፣ ግማሹን መጽሐፍ ሞልቼባት ወጣሁ። በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ነርሶችን ላሠለጥን ነው የሄድኩት። ቦርደርላይን የሚባለው የስብዕና መታወክ ያለበትን ሰው እንዴት እንደሚይዙ ላሳያቸው። በደረስኩ ማግስት በከተሞቹ መካከል ያለው መንገድ ተዘጋና እዚያው ቀረሁ።

ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ሥራ በያዙበት ዕድሜ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃል ላይ ይጨክናል መሰለኝ፤ በግምት ሲወራ አልወድም። ነርሶቹን መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ስለ ሕመሙ ምን እንደሚያውቁ ነበር።

“ተንኮል ነው” አለች አንዷ። “ትጫወትብናለች።”

“ማን?” አልኩ።

ሁሉም ዘወር ብለው ወደ ኮሪደሩ ጫፍ አዩ።

እዚያ የተኛችው ልጅ እዚሁ አገር ተወልዳ ያደገች ሐበሻ ናት። ከልጅነት ገና መውጣቷ ነው። ጠዋት አንዷን ነርስ “የምትረጂኝ አንቺ ብቻ ነሽ” ትላትና ከሰዓት ያችኑ ነርስ ከክፍሏ ታባርራለች። ከዚያ ሲብስ ራሷን ለመጉዳት ትነሳለች። ሕመሙ እንዲህ ነው፤ ሰው ጥሎኝ ይሄዳል የሚለው ስጋት ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ነርሶቹ ግን ደክሟቸው ነበር። እሷ ጋር ላለመመደብ ተራ ይለዋወጡ ነበር። ሐኪሙም ቁርጡን ተናግሯል፤ ሥልጠናው እስኪያልቅ ካልተረጋጋች አቡ ዳቢ ወዳለ ዝግ ክፍል ትዛወራለች።

ጠያቂ ተከልክሏል። እናቷ ግን በየቀኑ ፀሐይዋ በረድ ስትል እየመጣች፣ ከመስኮቷ በታች መኪና ማቆሚያው ላይ ትቆማለች። ልጅቷ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ታያታለች። አይነጋገሩም፤ ብቻ ይተያያሉ። አቡ ዳቢ ከተላከች፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ያቺ እናት የት ሄዳ ልትቆም ነው? ይህን ካየሁ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ከኮሪደሩ ወንበር ላይ ሆኜ ልጅቷን ስከታተል ሰነበትኩ። ነርስ ስትገባ የነርሷን እጅ አታይም፣ መድኃኒቱን አታይም፤ ከማስኩ በላይ የቀሩትን ሁለት ዓይኖች ብቻ ነው የምታየው። የቀረውን ፊት ራሷ ትሞላዋለች። የምትሞላው ደግሞ ሁልጊዜ በጥላቻ ነው።

ከዚያ ነርሶቹን ተራርቀው በተቀመጡበት አንድ ነገር አዘዝኳቸው። “ስትገቡ ፊታችሁ ከማስኩ ሥር ምን እንደሚል በአጭሩ ንገሯት። እውነት ያልሆነውን ግን አትበሉ።”

ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ነርስ እጃቸውን አወጡ። ነርስ ከመሆናቸው በፊት አል ማቃም በሚባለው የአል አይን ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥረው ሠርተዋል።

“ማዳም ቤት መጀመሪያ የተማርኩት ፊቴን መዝጋት ነው” አሉ። “ተሰደብሽ? ፊት የለም። እናትሽ አረፉ ብለው ደወሉልሽ? ፊት የለም፣ ሻይ ታቀርቢያለሽ። ፊትሽ ከተከፈተ ኸላስ፣ አለቀ፣ የአገር ቤት ትኬትሽ ይቆረጣል!” ማስካቸውን በጣታቸው ጠቆም አደረጉ። “አሁንማ መንግሥት ራሱ ዘጋልኝ፣ ዕድሜ ይስጠው።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

“እና ብፈራስ?” አሉ ሳቁ በረድ ሲል።

“ፈርቻለሁ ይበሏት።”

“ነርስ ፈራሁ ትላለች? ስሚ እህቴ፣ በሽተኛዋ ከአልጋዋ ተነስታ እኔን ታስታምመኝ?”

ለዚህ ያለኝ መልስ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ብቻ ስለሆነ ወደ ቀጣዩ ነገር አለፍኩ።

አንድ ቀን እናትየው ቀረች። የሕንፃው ጥላ መኪና ማቆሚያውን ሁሉ ሸፈነው፣ እሷ የለችም። ልጅቷ መስታወቱን በመዳፏ ትደበድብ ጀመር። ተረኛዋ እትዬ ነበሩ። እኔ ተከትዬ በሩ ላይ ቆምኩ። እንዲህ ካደረች ሐኪሙ ሌላ ቀን እንደማይጠብቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

“አይዞሽ ልጄ፣ ምንም የለም…” ብለው ጀመሩ እትዬ።

“ምንም የለም?” ልጅቷ ዞረች። “አይንሽን እያየሁት ነው። ትጠዪኛለሽ። ሁላችሁም ትጠሉኛላችሁ፣ አይ ኖው፣ አውቃለሁ!”

 እትዬ ሀያ ዓመት ሙሉ ፊታቸውን ዘግተው ኖረዋል፤ አሁንም መድኃኒቱን አስቀምጠው የሚወጡ መሰለኝ። አልወጡም። ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። ይንቀጠቀጣል።

“አልጠላሁሽም። ፈርቼ ነው። እይው።”

ልጅቷ እጁን አየች፣ መልሳ ዓይናቸውን አየች። “ማንን ነው የፈራሽው?”

“አንቺን። ራስሽን እንዳትጎጂ። እናትሽ ደግሞ ለምን እንደቀረች አላውቅም፤ እሱም ያስፈራኛል።”

“አንቺም አታውቂም?”

“አላውቅም። ሄጄ አስደውልና፣ ባገኛትም ባላገኛትም መጥቼ እነግርሻለሁ።”

ልጅቷ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ “ጉልበትሽን ያምሻል” አለች ቀስ ብላ። “ስትቆሚ አይንሽ ላይ ይታያል። ቁጭ ብለሽ ደውይ።”

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። የጉልበታቸውን ነገር ለማንም አልተናገሩም ነበር፤ ኋላ ነገሩኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በማንበብ የምመካ ሰው፣ ከሁለት ዓይኖች ላይ የሰው ጉልበት ሲነበብ ሳይ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ነርሶቹ ተንኮል ያሉት ይህን ነበር፤ አንድ ሰው ሁሉን ያያል፣ ያየውን የሚያረጋግጥለት ግን የለም።

እናትየው ትኩሳት ይዟት ከቤት እንዳትወጣ ታዝዛ ነበር። እትዬ ተመልሰው መጥተው ይህንኑ ነገሯት፤ ደህና ናት ብለው አላሳመሩትም። ልጅቷ አለቀሰች። ራሷን ግን አልነካችም።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ሐኪሙ ክፍሏ ገብቶ፣ እኛም ባለንበት፣ እዚህ መቆየት ትችል እንደሆነ እሷኑ ጠየቃት። ይህን ከዚያ በፊት የጠየቃት የለም።

ወደ እትዬ በአገጯ አመለከተች። “እሷ ትፈራኛለች” አለች። “ስትፈራኝ ትነግረኛለች። ነግራኝ ደግሞ ትመጣለች።”

“እመጣለሁ” አሉ እትዬ። “ዛሬስ እንዲያውም ብዙም አልፈራሁም።”

“ውሸት” አለች ልጅቷ፣ ከማስኩ በላይ የእትዬን ዓይን አይታ።

እትዬ ሳቁ። ሐኪሙ ዝውውሩን ተወውና ልጅቷ አል አይን ቀረች።