ከመርፌው በኋላ ያሉት ሰዓታት

መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ። ጠዋት ለመጸዳጃ ቤት ተሰልፈናል፤ ፀሐይ ወጥታለች፤ የኔ ጥርስ ግን ይንቀጫቀጫል።

ኤርፖርት የካርጎ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ጦርነቱ ሲበረታ በማንነታችን ተጠርጥረን ከየቤታችን ተወሰድንና እኛን ሴቶቹን ከቦሌ ወጣ ብሎ ባለ መጋዘን አጎሩን። ክስ የለም፣ ቀጠሮ የለም። ብርድ ልብስ ለሦስት አንድ።

ትኩሳቱ አምስት ቀን አቃጥሎኝ ድንገት ለቀቀኝ። ዳንኩ ብዬ ጸጉሬን ታጠብኩ። በሳምንቱ አገረሸብኝ። ራሴን ፈለጠኝ። ቃዠሁ። እየተነሳሁ በር በሩን እል ነበር። አብራን የታሰረችው ነርስ፣ ሲስተር ሕይወት፣ የሹራቤን ስፌት ገልጣ አየች። ቅማል። ሐኪም እንዲጠሩ ሁለት ቀን ሙሉ በሩን ደበደበች።

ከእርዳታ ድርጅት የተላከው ዶክተር ደሜን አስመርምሮ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ።

«ሪላፕሲንግ ፊቨር ነው፤ እየለቀቀ የሚያገረሽ ትኩሳት፤ ቅማል ያስተላልፈዋል። ፔኒሲሊን ትወጊያለሽ። ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ሰዓት ይብስብሻል፤ እንዳትደነግጪ።»

ባሰብኝ። ተንዘፈዘፍኩ። ትንፋሽ አጠረኝ። «ገደሏት!» ብለው ሴቶቹ ጮኹ። ሲስተር እጄን ይዛ የልብ ምቴን ትቆጥራለች። «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» አለቻቸው። ጣቷን ግን ከእጄ አንጓ አላነሳችም። ላበኝ። ተኛሁ።

መቆም ስጀምር የሲኤምሲ ጎረቤቴ እትዬ ወርቄ፣ ምግብ ልታቀብለኝ ስትመላለስ ጉዳዩን የሰማችው፣ የሁላችንንም ልብስ በየተራ በጆንያ እያስጫነች፣ ከጸሎት እህቶቿ ጋር ግቢዋ ውስጥ በበርሜል እየቀቀለች ትመልስልን ጀመር። ጠባቂው «እናቴ፣ እነዚህ ሁሉ ዘመዶችዎ ናቸው?» ቢላት፣ «አንዷ ጎረቤቴ ናት፤ የሌሎቹን ልብሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው» አለችው።

ይህ በሽታ የያዛችሁ፣ ትኩሳቱ ስለለቀቃችሁ ብቻ ዳንን አትበሉ። ከመርፌው በኋላ ብቻችሁን አትሁኑ። የአንድ ሰው ልብስ ብቻ መቀቀልም አይበቃም። ቅማልን አፍራችሁ አትደብቁ፤ እኔ ደብቄ ነበር።

እኔ ስፈታ ሲስተር ሕይወት እዚያው ቀረች። እሷ እስክትፈታ ሁለት ወር ሙሉ ቤቴ ውስጥ ተረጋግቼ መቀመጥ አቃተኝ። በወጣች ማግስት ደውዬ ላመሰግናት ስጀምር አላስጨረሰችኝም።

«ትኩሳቱ ተመልሶ ነበር?»

«አልተመለሰም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች።