እኅቴ ስትታጭ የጠፋው መብራት

ወደ እስራኤል ከመጣን አሥር ዓመት ሲሞላን፣ እዚሁ ቤርሼቫ የኤሌክትሪክ ሙያ መማር ጀመርኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ሆስፒታል አጸዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በወንዶች በተሞላ ክፍል ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ሆኜ እቀመጣለሁ። እናቴ ስትሰማ፣ «ምን ቆርጦሽ ከመብራት ጋር ትታገያለሽ?» አለችኝ።

መምህራችን ከሩሲያ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። በዕብራይስጥ «ሂትናግዱት» እያሉ ደጋግመው ሲያስተምሩ ቃሉ አልገባ አለኝ። ቤት ገብቼ ልጄን ጠየቅኋት።

«መቃወም ነው እማ» አለችኝ፤ «ሽቦው ከረንቱን አላሳልፍም ሲለው።»

እምቢታ ነዋ! እሱንማ ከእናቴ ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ቀለለኝ። ቮልቱን ለአምፒሩ ሳካፍል እምቢታው በኦም ይወጣል፤ ቮልቱን በአምፒሩ ሳባዛ ደግሞ ጉልበቱ በዋት።

አንድ ቀን የአጎቴን አሮጌ ማሞቂያ ይዤ ወደ ክፍል ሄድኩ። ስንት ዋት እንደሆነ የሚናገረው ጽሑፍ ተፍቆ ጠፍቷል። መምህሩ አጠገቤ እንደቆሙ ለካሁት፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ቮልት፣ አምስት አምፒር። አካፈልኩ፤ አርባ ስድስት ኦም። አባዛሁ፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ዋት። መምህሩ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ሳቁ። ክንፍ ያወጣሁ መሰለኝ።

በዚያው ክረምት ታናሽ እኅቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሽኩና ሄ በተባለው ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጡ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አጎቴ ያንኑ ማሞቂያውን ተሸክሞ መጣና ከእኛው ማሞቂያ ጎን ሰካው። የሙሽራው አባት ተነሥተው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን…» ሲሉ ቤቱ ድርግም አለ። አጎቴ ብሬከሩን መለሰው። እሳቸውም እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ጠፋ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ «ገዱ አላማረም» ሲሉ ሰማሁ። እኅቴ ጓዳ ሆና ማልቀስ ጀመረች።

እኔ ግን ዓይኔ ከሶፋው አጠገብ በተሰካው የሻይ ውኃ ማፍያ ላይ ነበር። ሳሎኑ የሚችለው አሥራ ስድስት አምፒር ነው፤ በሁለት መቶ ሠላሳ ቮልት ሲባዛ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ ዋት። የእኛ ማሞቂያ ሁለት ሺህ፣ የአጎቴ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ። እስከዚህ ይችላል። ማፍያው ግን ብቻውን ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ነው!

«አባባ፣ ገድ አይደለም» አልኳቸው፤ «ሻዩ ነው።»

ማፍያውን ነቅዬ የራሱ ብሬከር ወዳለው ወጥ ቤት ወሰድኩት። አጎቴ መብራቱን መለሰ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። መብራቱ ሳይጠፋ ቆየ! የሙሽራው አባት ሦስተኛ ጊዜ ተነሥተው፣ ቃላቸውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እልልታው ደረጃው ድረስ ወረደ። እኅቴም ዓይኗን እየጠረገች ወጣች።

«ይህችን ማን አስተማራት?» ብለው ጠየቁ «ገዱ አላማረም» ያሉት ሽማግሌ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እኔ ነኝ እንጂ የላክኋት» አለች።

በፀደይ ፈተናውን ሳልፍ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ የሙሽራውን አባት ቤት መብራት ማስተካከል ሆነ፤ ደመወዜንም ምሳ አብልተው ከምርቃት ጋር ሰጡኝ።